ስሙ የጠፋ ምንጅላት እንዴት ይገኛል?

ሰሜን ቨርጂኒያ ሀበሻ የበዛበት አገር ነው፤ ልጆቻችንም ከአገሬው ጋር ይጋባሉ፣ ይዋለዳሉ። የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት «የዘር ሐረግህን ጻፍ» ተብሎ ሲመጣ በእኛ በኩል አያት ተጠርቶ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠርለታል። በአሜሪካዊ ወላጁ በኩል ግን ሐረጉ ብዙ ጊዜ 1800ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን እዚያ ላይ? ቨርጂኒያ ልደትና ሞትን በመንግሥት ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው በ1853 ነው። የመጀመሪያው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ በ1790 ቢካሄድም በስም የሚጽፈው አባወራውን ብቻ ነበር፤ ሚስትና ልጅ ቁጥር ናቸው። የቨርጂኒያው ቅጽ ደግሞ ጭራሹኑ ጠፍቷል። እንግሊዞች ጄምስታውን የሰፈሩት በ1607 ስለሆነ መሐል ላይ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ጨለማ አለ ማለት ነው።

ጨለማው ግን ድፍን አይደለም። የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ማን ተወለደ ብሎ አይጨነቅም፤ ማን ይገብራል፣ መሬቱስ የማን ነው የሚለውን ግን አንድ በአንድ ይጽፍ ነበር። ስለዚህ ዘዴው ሰውየውን ትቶ ንብረቱን መከተል ነው።

ከግብር እንጀምር። በቨርጂኒያ 16 ዓመት የሞላው ወንድ ሁሉ የነፍስ ወከፍ ግብር ይከፈልበት ነበር። አንድ ልጅ በ1748 ዝርዝር ከአባቱ ስም ሥር ከሌለና በ1749 ብቅ ካለ ለአቅመ ግብር ደርሷል፤ ልደቱ 1733 ገደማ ነው። የልደት ወረቀት ሳይኖር ዕድሜም አባትም በአንድ መስመር ተገኙ።

ትልቁ ሀብት ያለው ግን መሬት ውስጥ ነው። የዚያ ዘመን የመሬት ሰነድ ካርታ አልነበረውም፤ «ከጅረቱ አፍ ካለው የባሉጥ ዛፍ ተነሥቶ በእገሌ ወሰን በኩል» እያለ በቃል ይዞራል። ያ «እገሌ» ነው ቁልፉ። ሰው ብቻውን አይሰደድም፤ ከወንድሙ፣ ከአማቹ፣ ከአብሮ አደጉ ጋር ተያይዞ ይሰፍራል፣ ልጁንም ለጎረቤት ይድራል። በተጨማሪም የቨርጂኒያ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎች በየአራት ዓመቱ ባለርስቶች ወሰናቸውን በእግር ዞረው ምልክቱን እንዲያድሱ ያዝዙ ነበር። ማን ከማን ጋር እንደዞረ በአጥቢያው መዝገብ ስለሚሰፍር፣ ስሞቹን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ስታነቡ ሰፈሩ ከነጎረቤቱ ይሳልላችኋል።

ይህ የሚጠቅመው በተለይ ሞክሼዎች ሲያስቸግሩ ነው። በአንድ ካውንቲ ሁለት ቶማስ ኩክ አሉ እንበል። አንዱ ውሉን በፊርማው ይዘጋል፤ ሌላው መጻፍ ስለማይችል ምልክት ያደርጋል። አንዱ መሬት ሲሸጥ ሚስቱ ሜሪ ድርሻዋን መልቀቋን ለዳኛ ታረጋግጣለች፤ የሌላው ሚስት አን ናት። (የሴቶቹ ስም ከነአካቴው የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚህ ብቻ ነው። ስታገባ የአባቷን ስም የምትጥል ሴት ፈልጎ ማግኘት እንዴት እንደሚያደክም፣ ሴት የአባቷን ስም ይዛ የምትሞትበት አገር ሰው አይገባውም።) ሁለቱ ኩኮች እንዲህ እንዲህ እየተባለ ይለያያሉ። «ትንሹ ቶማስ» የሚል ስታገኙ የትልቁ ልጅ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፤ በዚያ ዘመን በዕድሜ የሚያንሰውን ሞክሼ ለመለየት ብቻም ይባል ነበር።

የዘመን አቆጣጠርም ወጥመድ አለው፤ ሁለት ካሌንደር ይዞ ለሚኖር አበሻ ግን ቀላል ነው። እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝና በቅኝ ግዛቶቿ አዲስ ዓመት የሚገባው በማርያም ብሥራት ዕለት፣ ማርች 25 ነበር። ባልና ሚስት በኤፕሪል 1731 ተጋብተው ልጃቸው በፌብሩዋሪ 1731 ተጠመቀ የሚል ብታገኙ ልጁ ከሰርጉ በፊት አልተወለደም። ያ ፌብሩዋሪ ከኤፕሪሉ በኋላ የመጣ ነው፤ በዛሬው አቆጣጠር 1732 ይሆናል። ጆርጅ ዋሽንግተን ራሱ በአሮጌው አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1731፣ በአዲሱ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1732 ነው የተወለደው።

በባርነት ተይዘው ለነበሩት አፍሪካውያን ልጆች መንገዱ እጅግ ይመራል። በ1850 እና በ1860 ቆጠራዎች እንኳ አብዛኞቹ በዕድሜ፣ በጾታና በቀለም ብቻ በጌታቸው ስም ሥር ተደረደሩ፤ አብዛኞቹ ከነስማቸው የተጻፉት በ1870 ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ለማግኘት የጌታውን ወረቀት መበርበር ግድ ነው። ሲሞት ንብረቱ ሲቆጠር፣ ከላሞቹና ከአልጋዎቹ መካከል የሴት ስም፣ ከስሟ ጎን ዋጋ ይገኛል። በ1662 የወጣ የቨርጂኒያ ሕግ የልጁ ባርነት የእናቱን እንዲከተል ስላደረገ ብዙ ዝርዝሮች «እገሊትና ልጇ» ብለው አንድ ላይ ይጽፋሉ። ለጌታው ሀብት ማራቢያ የወጣ ያ ክፉ ሕግ፣ ዛሬ ዘር ለሚፈልግ ሰው የእናትን ሐረግ አስቀርቶለታል።

መዝገቡ ራሱ ከነደደስ? የጄምስ ሲቲ ካውንቲ ሰነዶች በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ለደኅንነት ሲባል ወደ ሪችመንድ ተልከው፣ ከተማዋ በኤፕሪል 1865 ስትቃጠል አብረው ነደዱ። ያን ጊዜ የሚያዋጣው ቅኝ ግዛቱ ራሱ ሲሰጥ የነበረው የመሬት ሰነድ ነው፤ ከ1623 ጀምሮ ያለው በቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፣ ቤት ሆኖም በኢንተርኔት ማየት ይቻላል።

የዘረመል ምርመራ መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። ዳሩ ግን አሥር ትውልድ ወደ ኋላ ሲቆጠር 1,024 የወላጅ ቦታ ስላለ ከብዙዎቹ የወረሳችሁት ቅንጣት ላይኖር ይችላል። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው የዘረመል ክፍል ግን ሁለቱን ኩኮች ለመለየት ይረዳል፤ ከእያንዳንዳቸው በወንድ ሐረግ ብቻ የወረደ፣ ዛሬ በሕይወት ያለ ወንድ ከተገኘ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የተዘጋጀ ሐረግ አትመኑ። ጉስታቭ አንዡ የተባለ ሰው በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ለአሜሪካ ባለጸጎች የፈጠራ የዘር ሐረግ እየጻፈ ይሸጥ ነበር፤ የእሱ ፈጠራ ዛሬም ከሰው ሐረግ ወደ ሰው ሐረግ ይገለበጣል። ለልጅ ልጃችሁ ስትጽፉለት ከእያንዳንዱ ስም ጎን የሰነዱን ዓይነትና ዓመት አስፍሩ፤ ሰነድ ያጣችሁለትን ቦታ ባዶ ተዉለት።