ሳትሰሙ አትመልሱ

አንድ ምሽት ባለቤቴ ከጸሎት ስብሰባ ሲመለስ «ዛሬም አመሸህ!» አልኩት። «አገልግሎቴን ጠላሽው ማለት ነው?» ብሎ ተቆጣ። እኔ ግን ልነግረው የፈለግሁት ብቸኝነቱ እንደ ከበደኝ ነበር። ሌሎችን «ተደማመጡ» ብለን የምንመክር ሰዎች ተኮራርፈን አደርን።

ምሳሌ 18፥13 ሳይሰማ የሚመልስ ሰው እንደሚያፍር ያስተምረናል። እኛም አፈርን።

ከዚያ ወዲህ መልስ ከመስጠታችን በፊት «እንዲህ ማለትሽ ነው?»፣ «እንዲህ ማለትህ ነው?» ብለን የሰማነውን እናረጋግጣለን። ተናጋሪውም «አንተ ሁልጊዜ» ወይም «አንቺ ሁልጊዜ» ማለቱን ትቶ «እኔን እንዲህ ተሰማኝ» ይላል።

ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ስልካችሁን አስቀምጡና ሞክሩት። ወቀሳ የመሰላችሁ ነገር ናፍቆት ሊሆን ይችላል።