ተሳቢ በትንሽ መኪና ጎትቶ ተራራ መውጣትና መውረድ፦ ከመነሳት በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

ከደጀን ተነስቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ለመንገደኛ ድንቅ እይታ፣ ለአሽከርካሪ ግን ከባድ ፈተና ነው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በመጀመሪያው አጋማሽ ወደ 1 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል፤ ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ደግሞ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከአጎቱ ጋር በዚሁ መንገድ ተጉዞ ነበር። አጎት አዲስ አበባ ለሚኖሩ ልጆቻቸው ለቀለብ የሚሆን 5 ኩንታል ጤፍ በአነስተኛ ተሳቢ ጭነው፣ ተሳቢውን ከፍ ካለችው ትንሽ የቤት መኪናቸው ኋላ አስረው ነበር የተነሱት። ቁልቁለቱ ከተጋመሰ በኋላ የተቃጠለ ነገር ሽታ መኪናዋን ሞላት። የፍሬኑ ፔዳል ከወትሮው ጠልቆ መግባት ጀመረ። አጎት እንደምንም ማርሽ ቀንሰው መኪናዋን ወደ ተራራው ጥግ አስጠግተው አቆሟት። ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ቆሞ፣ ረዳቱ ለጎማዎቹ ታኮ እንዲያደርግ ካዘዘ በኋላ፣ የሚጨሱትን የፊት ጎማዎች ተመልክቶ «ጋሼ፣ ይህን ቁልቁለት በፍሬን ነው እንዴ የሚወርዱት?» ሲል ጠየቃቸው።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ የሕይወትና የንብረት ጉዳይ ነው። ምርቱን ወደ ገበያ የሚያደርስ አርሶ አደር፣ የውሃ በርሜል የሚያጓጉዝ የከተማ ነዋሪ፣ ዕቃውን ጭኖ ከገበያ ገበያ የሚዞር ነጋዴ፣ የመኝታ ተሳቢ ይዞ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚጓዝ ጎብኚ፣ ሁሉም ይህንኑ ጥያቄ ከመነሳታቸው በፊት መመለስ ይጠበቅባቸዋል።

በመጀመሪያ ክብደቱን ማወቅ

አንድ መኪና ከፍ ብሎ በመታየቱ ብቻ ብዙ ይጎትታል ማለት አይደለም። የመጎተት አቅሙ የሚወሰነው በሞተሩ፣ በካምቢዮው፣ በፍሬኑና በማቀዝቀዣው ነው። አምራቹ ይህን አቅም መዝኖ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያሰፍራል። በመጽሐፉ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አኃዞች ይገኛሉ፤ አንዱ የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ፣ ሌላው ፍሬን ለሌለው ተሳቢ ነው። የሁለተኛው አኃዝ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው። በአውሮፓ ሕግ የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ግራም እንዲበልጥ አይፈቀድም። ብዙ ትንንሽ መኪኖች የሚፈቀድላቸው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። ጭራሽ እንዲጎትቱ ያልተፈቀደላቸው መኪኖችም አሉ።

ሒሳቡን ለመሥራት የተለየ ዕውቀት አያስፈልግም። 1 ኩንታል 100 ኪሎ ግራም ነው፤ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ባዶውን 200 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሳቢ 5 ኩንታል እህል ሲጫንበት 700 ኪሎ ግራም ይሆናል ማለት ነው። 500 ሊትር የሚይዝ የውሃ ታንከር የተሸከመ ተሳቢም ከዚህ የሚያንስ አይደለም። በመኪናዋ ውስጥ የተሳፈሩት ሰዎችና የተጫነው ዕቃም ከጠቅላላው ድምር መዘንጋት የለበትም።

እዚህ ላይ የደጋው አየርም የራሱ ድርሻ አለው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩ ነዳጅ የሚያቃጥልበት ኦክስጅንም ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1 ሺህ ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ 2 ሺህ 500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ አሽከርካሪ በመጽሐፉ ላይ ከተጻፈው የሞተር ጉልበት ሩብ ያህሉ አብሮት የለም። ቱርቦ ያለው ሞተር የሚያጣው ከዚህ ያነሰ ነው። በመሆኑም በተራራማ አካባቢ ለሚጎትት ሰው የተፈቀደውን ክብደት አሟጦ መጫን ጥበብ አይደለም፤ ከላዩ ቀነስ ማድረግ ይመረጣል።

ጭነቱ የት ላይ ይቀመጥ?

አህያ ወይም በቅሎ የጫነ ገበሬ ይህን ትምህርት አስቀድሞ ያውቀዋል። ጭነት ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ እንስሳዋ ትደናቀፋለች፤ ወደ ኋላ ከሸሸ ደግሞ መራመድ ያቅታታል። በተሳቢም ላይ እንዲሁ ነው። ከባዱ ጭነት ከተሳቢው አክሰል በላይና ከዚያ ጥቂት ወደፊት፣ ወለሉን ተጠግቶ መቀመጥ አለበት። ቀላሉ ከላይ ይደረባል። ግራና ቀኙ እኩል መሆንም ይኖርበታል።

እንደ ሞፈር ወደ መኪናዋ የሚዘረጋው የተሳቢው ክንድ በመኪናዋ መጎተቻ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ይመከራል። ለ700 ኪሎ ግራም ተሳቢ ቢያንስ 70 ኪሎ ግራም ማለት ነው። የብዙ ትንንሽ መኪኖች መጎተቻ መሸከም የሚችለው ክብደትም የራሱ ጣሪያ ስላለው መመሪያ መጽሐፉን ማየት ግድ ይላል። ይህን ለማወቅ ተሳቢውን ጭኖ፣ በደልዳላ ቦታ ጎማውን በታኮ አስደግፎ፣ የክንዱን ጫፍ በእህል ሚዛን ላይ ማሳረፍ ይበቃል።

ክንዱ ላይ ያረፈው ክብደት ካነሰ፣ ማለትም ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ፣ ተሳቢው በፍጥነት ጊዜ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ከበዛ ደግሞ የመኪናዋ ኋላ ይሰምጣል፤ የፊት ጎማዎቿ መሬቱን ያለመጠን ለቀቅ ያደርጉና መሪውም ፍሬኑም ይደክማል። በማታም መብራቷ ወደ ሰማይ እየተወረወረ የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን ይነሳል።

ዳገት ሲወጣ

በዳገት ላይ የሚፈተነው የሞተሩ ማቀዝቀዣ ነው። ሞተሩ በከፍተኛ ኃይል እየሠራ፣ መኪናዋ ግን በዝግታ ስለምትጓዝ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ አነስተኛ ነው። አሽከርካሪው ሞተሩ እስኪያጉረመርም ሳይጠብቅ ማርሽ መቀነስ፣ የሙቀት መለኪያውን በየጊዜው መመልከትና የመኪናዋን አየር ማቀዝቀዣ ማጥፋት ይኖርበታል።

ውሃ በደጋ አካባቢ ቶሎ እንደሚፈላ የሚታወቅ ነው። 2 ሺህ 500 ሜትር ከፍታ ላይ የሚፈላው 100 ሳይሆን ወደ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ውሃውን በግፊት አምቆ በመያዝ ይህ እንዳይሆን ይከላከላል። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ግን ግፊቱን ስለሚያስመልጥ ውሃው ቶሎ ይፈላል። በዋጋ እጅግ ርካሽ የሆነው ይህ ዕቃ ብዙዎችን በዳገት መሐል አቁሟል። መኪናዋ ከፈላች ጥግ ይዞ ማቆምና እስክትቀዘቅዝ መታገሥ ያስፈልጋል። ትኩስ ራዲያተር መክፈት ፊትንና እጅን ለከባድ ቃጠሎ ይዳርጋል።

ከኋላ ረጅም ሰልፍ ሲፈጠርም አመቺ ቦታ ፈልጎ ጥግ መያዝና ሌሎችን ማሳለፍ ተገቢ ነው። ትዕግሥቱን ያጣ አሽከርካሪ ጠምዛዛ ላይ ሲቀድም አደጋው ለሁሉም ይተርፋል።

ቁልቁለት ሲወረድ

ዋናው አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ 700 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሳቢ መኪናዋን ያለማቋረጥ በ70 ኪሎ ግራም ክብደት ልክ ከኋላ ይገፋታል። የተሳቢውና የመኪናዋ ክብደት በአንድ ላይ 2 ሺህ 200 ኪሎ ግራም ቢሆንና ከደጀን እስከ ድልድዩ ቢወርዱ፣ የሚፈጠረው ጉልበት ወደ ሙቀት ቢለወጥ 90 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ የተወሰነውን የአየርና የጎማ ሰበቃ ይወስደዋል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ወይም ፍሬኑ መቀበል አለበት። አሽከርካሪው ሙሉ በሙሉ በፍሬን ከተማመነ ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው በጥቂት የፍሬን ሸራዎችና ዲስኮች ላይ ነው።

ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ አቅሙ ይከዳል። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ሲሻገር ደግሞ ዘይቱ ይፈላና አረፋ ይፈጥራል። አረፋ ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ቢረገጥም ኃይሉ ጎማው ዘንድ አይደርስም። «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሲሆን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ በቆየ ቁጥር የሚፈላበት የሙቀት መጠን ስለሚወርድ በየ2 ዓመቱ ገደማ መቀየር ይኖርበታል።

መፍትሔው የቆዩ ሾፌሮች የሚያውቁት ነው፤ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ። ማርሹ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት እንጂ ፍጥነት ከተጨመረ በኋላ አይደለም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው መኪኖችም ዝቅተኛ ማርሽ የሚያዝበት ምርጫ አላቸው። ፍሬን ሲያስፈልግ ጠበቅ አድርጎ ረግጦ ፍጥነቱን ከቀነሱ በኋላ መልቀቅ እንጂ፣ እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ እየጎተቱ መውረድ አይገባም። ፍሬኑ የሚቀዘቅዘው በተለቀቀበት ቅጽበት ነውና። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ፣ ሾፌሮች «በፎሌ» እንደሚሉት፣ መውረድ የሞተሩን እገዛ ጨርሶ መጣል ነው።

በአገራችን ቁጥራቸው እየጨመረ የመጣው የኤሌክትሪክ መኪኖች በቁልቁለት ላይ ጉልበቱን ወደ ባትሪ በመመለስ ፍሬናቸውን ያግዛሉ። ነገር ግን ባትሪው ሙሉ ሲሆን ተጨማሪ መቀበል ስለማይችል እገዛው ይቀንሳል። ቁልቁለት አፋፍ ላይ ባትሪን እስከ ጫፍ ሞልቶ መነሳት በዚህ ምክንያት አይመከርም።

የመቃጠል ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከለሰለሰ ወዲያውኑ ማርሽ ቀንሶ አመቺ ቦታ ላይ መቆም ያስፈልጋል። በጋለ ፍሬን ላይ ውሃ መድፋት ዲስኩን ሊሰነጥቀው ስለሚችል በራሱ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይበጃል። ለታኮ የተጠቀሙበትን ድንጋይ ደግሞ ሲነሱ ከአስፋልቱ ላይ ማንሳት የዜግነት ግዴታ ነው። ለአንዱ ነፍስ ያዳነ ድንጋይ በጨለማ ለሚመጣው ሌላ ሰው የሞት ምክንያት እንዳይሆን።

ተሳቢው ሲወዛወዝና መንገዱ ሲጠመዘዝ

ተሳቢው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ሲጀምር ሰው በደመ ነፍስ ፍሬን ይረግጣል፤ መሪውንም ወዲያና ወዲህ ያዞራል። ሁለቱም ነገሩን ያባብሱታል። ትክክለኛው እርምጃ መሪውን ቀጥ አድርጎ አጥብቆ መያዝና እግርን ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ቀስ አድርጎ ማንሳት ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ ተሳቢው በራሱ ይረጋጋል። ከዚያ ጥግ ይዞ ቆሞ የጭነቱን አቀማመጥ ማስተካከል ያስፈልጋል።

እንደ ሊማሊሞና ጣርማ በር ባሉ ጠመዝማዛ መንገዶች ላይ የተሳቢው ጎማ ከመኪናዋ ጎማ ይልቅ ወደ ውስጠኛው ጥግ ተጠግቶ እንደሚያልፍ ማስታወስ ይገባል። ውስጡን አጥብቦ የታጠፈ አሽከርካሪ ተሳቢውን ቦይ ውስጥ ይከተዋል። በክረምት ጉም ሲወርድ ፍጥነት መቀነስ፣ መብራት ማብራትና ከመታጠፍ በፊት ጥሩምባ መንፋት ያስፈልጋል።

የመኝታ ተሳቢ የሚጎትቱ ጎብኚዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለባቸው። ቤቱ ከፍ ያለና ጎኑ ሰፊ ስለሆነ በአፋፍ ላይ የሚነፍሰው ነፋስና በአጠገቡ የሚያልፍ ትልቅ መኪና የሚገፋው አየር በቀላሉ ያናውጡታል። ከመነሳት በፊት የውሃ ታንከሩን ማጉደል፣ ከባድ ዕቃን ወደ ወለሉ ማውረድና የጋዝ ሲሊንደሩን መዝጋት ይገባል።

ከመነሳት በፊት

በየሠፈሩ ብየዳ ቤት የሚሠሩ ተሳቢዎች ብዙዎቹ ፍሬን የላቸውም፤ አንዳንዶቹም በአንድ ብሎን ብቻ የሚያያዙ ናቸው። ማያያዣው ቢበጠስ ተሳቢው እንዳያመልጥ በክንዱ ሥር ተጣምረው የሚያልፉ ሁለት ጠንካራ ሰንሰለቶች ያስፈልጋሉ። የፍሬንና የፍሬቻ መብራቱ ከመኪናዋ ጋር እኩል መሥራቱ፣ የተሳቢው ጎማ ነፋስና የቸርኬው ብሎኖች ጥብቀት፣ የጭነቱ ገመድና ሸራ መታየት አለባቸው። የተሳቢውን ምዝገባና ምርመራ በተመለከተ የአካባቢውን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ ለጉዳት ካሳ ደግሞ የመድን ድርጅቱን አስቀድሞ መጠየቅ ከጸጸት ያድናል።

በተሳቢ ላይ ሰው መጫን ግን በምንም ምክንያት አይገባም። ለአንድ ቀን የጉልበት ሥራ የሚሄዱ ወጣቶችም ቢሆኑ፣ ከገበያ የሚመለሱ እናቶችም ቢሆኑ፣ ተሳቢ ሲገለበጥ የሚይዛቸው ነገር የለም።

አጎት ያን ቀን ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ከአንድ ሰዓት በላይ በመንገዱ ጥግ ቆዩ። ከዚያም በሁለተኛ ማርሽ፣ እግራቸውን ከፍሬኑ ላይ አንስተው፣ ድልድዩ ድረስ በዝግታ ወረዱ። ጤፉም ሰውም በሰላም አዲስ አበባ ገባ። ዛሬ ከደጀን ከመውጣታቸው በፊት ሁልጊዜ ቆመው ሰንሰለቱን ይነካሉ፤ ማርሹንም ገና አፋፉ ላይ ሳሉ ይቀንሳሉ።