የጨረር ሕክምና ለምን በአንድ ቀን አያልቅም?

ከክፍለ ሀገር ለሕክምና መጥታ ዓለም ባንክ ከዘመድ ቤት ያረፈች አንዲት የማኅፀን በር ካንሰር ታማሚ እናስብ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየማለዳው ታክሲ ተሳፍራ፣ በጦር ኃይሎችና በሜክሲኮ በኩል ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ትደርሳለች። ጨረሩ የሚሰጣት ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። በነጋታውም እንደዚያው፤ ምልልሱ አምስት ሳምንት ያህል ይዘልቃል። ያን ሁሉ መጠን በአንድ ቀን ወስዳ ለምን አትገላገልም? መልሱ የሚገኘው በካንሰር ሕዋስና በጤናማ ሕዋስ ልዩነት ውስጥ ነው።

የካንሰር ሕዋስ ከውጭ የገባ ባዕድ ሳይሆን ከራሳችን ሕዋሳት የወጣ ነው። ጤናማ ሕዋስ የሚከፋፈለው ከአካባቢው የኬሚካል መልእክት ሲደርሰው ነው፤ ቦታው ሲሞላ ያቆማል፤ ዲ ኤን ኤው ሲጎዳ መከፋፈሉን ገትቶ ይጠግናል፤ ጥገናው ካልተሳካ ራሱን ያጠፋል። በዚህ ቁጥጥር ውስጥ ዋና ድርሻ ካላቸው አንዱ ፒ 53 የተባለው ፕሮቲን ነው። አብዛኛውን የማኅፀን በር ካንሰር የሚያስከትለው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ይህን ዘበኛ እንዲፈርስ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ሕዋሱ ከነጉዳቱ ይባዛል። እ.ኤ.አ. በ1951 ሄንሪታ ላክስ ከተባለች አሜሪካዊት የማኅፀን በር ዕጢ የተወሰዱት ሕዋሳት እስከ ዛሬ በየቤተ ሙከራው መባዛታቸውን አላቋረጡም፤ ተራ ጤናማ ሕዋሳት ግን 50 ጊዜ ያህል ተከፋፍለው ያበቃሉ።

ጨረር ዲ ኤን ኤን ይሰብራል፤ ጤናማውን ከታመመው ግን አይለይም። የሚለየው ጥገናው ነው። ለማስረዳት ያህል፣ የአንድ ቀን መጠን ከካንሰሩ ሕዋሳት 50 በመቶውን፣ አነስተኛ ጨረር ከሚደርሳቸው በዙሪያው ካሉ ጤናማ ሕዋሳት ደግሞ 80 በመቶውን በሕይወት ያስቀራል እንበል። በአንድ ቀን ልዩነቱ ያን ያህል የሚያስገርም አይደለም። 0.5ን 25 ጊዜ በራሱ ብናባዛ ግን ከ33 ሚሊዮን የካንሰር ሕዋሳት የሚተርፈው አንድ ገደማ ነው። በ0.8 ስናሰላ ከ265 ጤናማ ሕዋሳት አንዱ ይተርፋል፤ የጎደለውንም የተረፉት እየተከፋፈሉ ይተካሉ። ትንሹን ልዩነት ያገዘፈው ድግግሞሹ ነው። መጠኑ በአንድ ጊዜ ቢሰጥ ኖሮ ፊኛና አንጀትም ክፉኛ በተጎዱ ነበር።

ጥቁር አንበሳ የጨረር ሕክምና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በኮባልት 60 መሣሪያ ሲሆን፣ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ማዕከል ነበር። የኮባልት 60 ግማሽ ዕድሜ 5.27 ዓመት ነው፤ ምንጩ ባረጀ ቁጥር ያንኑ መጠን ለመስጠት የሚፈጀው ጊዜ ይረዝማል፣ ወረፋውም እንደዚያው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማን በመሳሰሉ ከተሞችም አገልግሎቱ ተጀምሯል።

የትራንስፖርት እጦት፣ የገንዘብ ማጠር ወይም የመሣሪያ ብልሽት ሕክምናውን ሲያቋርጠው ስሌቱ ይገለበጣል። ከጨረሩ የተረፉት የካንሰር ሕዋሳት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከቀድሞው በፈጠነ ሁኔታ መባዛት ይጀምራሉ። በማኅፀን በር ካንሰር ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ጠቅላላው ሕክምና ከስምንት ሳምንት ገደማ ሲያልፍ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ዕጢውን የመቆጣጠር ዕድል እስከ 1 በመቶ እንደሚቀንስ ያመለክታሉ። ስለዚህ ቀን ያለፋት ታማሚ ሳትውል ሳታድር ለሐኪሟ መንገር ይኖርባታል፤ የጎደለውን በቅዳሜ ወይም በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ በመስጠት ማካካስ ይቻላልና። በሁለቱ መካከል ግን ቢያንስ የ6 ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋል፤ ጤናማዎቹ ሕዋሳት ዲ ኤን ኤያቸውን የሚጠግኑት በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው።