ባንክ ስለሚባለው ቃል

አንድ ተማሪ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ «ሰውዬው በባንክ ላይ ተቀምጦ ዓሣ አጠመደ» የሚል ቃል ባነበበ ጊዜ፥ በገንዘብ ቤት ዓሣ ከወዴት ተገኘ ብሎ ሳቀ። ልጁ ንባቡን አልሳተም፤ የሳተው ፍቺውን ነው።

እንግሊዞች የወንዝን ዳርና የተቈለለ አፈርንም ባንክ ይሉታል። የገንዘቡ ባንክ ግን በሌላ መንገድ መጣ። በኢጣልያ አገር ገንዘብ ለዋጮች በገበያ አግዳሚ ዘርግተው፥ ወርቁንና ብሩን በላዩ እየቈጠሩ ይመነዝሩ ነበር። አግዳሚው በቋንቋቸው ባንኮ ይባላል፤ ስሙም ከአግዳሚው ወደ ሥራው፥ ከሥራውም ወደ ቤቱ ተላለፈ። የነጋዴን ኪሳራ ደግሞ «የተሰበረ አግዳሚ» አሉት፤ እንግሊዞችም ኪሳራን እስከ ዛሬ የሚጠሩት ከዚያ በወሰዱት ቃል ነው።

የሚያስደንቀው ግን ኢጣልያኖች ራሳቸው ባንኮን ከጀርመን ወገን ቋንቋ መውሰዳቸው ነው፤ ስለዚህ የወንዙ ዳርና የገንዘቡ ቤት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። በቤታችን ግድግዳ ሥር ከጭቃ የሚሠራውን መደብ ያየ ሰው፥ የአፈር ቁልልና መቀመጫ በአንድ ስም ቢጠሩ አይቸግረውም።

በእኛም አገር በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ በአዲስ አበባ ተከፈተ። ባለሱቅ ዕቃውን የሚያቀርብበት ባንኮኒም የዚያው የኢጣልያ አግዳሚ ልጅ ነው።