በሕንፃ ውስጥ አደገኛ የሚባለው አስቤስቶስ የትኛው ነው?

አስቤስቶስ በተፈጥሮ የሚገኙ ስድስት ቃጫማ ማዕድናት የጋራ መጠሪያ ነው። ከእነዚህ መካከል ለሕንፃ ሥራ በብዛት የዋሉት ነጩ ክሪሶታይል፣ ቡናማው አሞሳይት እና ሰማያዊው ክሮሲዶላይት ናቸው። ስድስቱም ካንሰር አምጪ መሆናቸው ተረጋግጧል።

ይሁን እንጂ አስቤስቶስ ያለበት ቁስ ሁሉ እኩል አደገኛ አይደለም። ጉዳቱ የሚጀምረው ቃጫው ወደ አየር ወጥቶ ሲተነፈስ ነው። በዐይን የማይታየው ቃጫ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ለረጅም ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ሜዞቴልዮማ የተባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ከ20 እስከ 40 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። አሮጌ ጣራ በመዶሻ ሰብሮ ያወረደ ሰው በዕለቱ ምንም ስላልተሰማው ከጉዳት ድኗል ማለት አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የእስራኤል የአስቤስቶስና የጎጂ አቧራ መከላከያ ሕግ ልዩነቱን መሠረት ያደረገ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት አስቤስቶስ ሲሚንቶ ነው፦ የጣራ ክዳን፣ የግድግዳ ሰሌዳ፣ ቧንቧ። በዚህ ውስጥ አስቤስቶሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ቃጫው በሲሚንቶው ታስሮ ይገኛል። ሁለተኛው ተፈርፋሪ አስቤስቶስ ነው፤ ይኸውም በእጅ ሲጫኑት የሚደቅና የሚበተን፣ በቦይለርና በሙቅ ውኃ ቧንቧ ላይ የተጠቀለለ ወይም ለእሳት መከላከያ በጣሪያና በብረት ምሰሶ ላይ የተረጨ ልባስ ነው። ሕጉ በሕዝብ ሕንፃዎችና በኢንዱስትሪ ተቋማት የሚገኘው ተፈርፋሪ አስቤስቶስ በ10 ዓመት ውስጥ እንዲነሳ ያዘዘው ስለዚሁ ነው።

ተፈርፋሪው ከሕንፃ ውጭም ሊገኝ ይችላል። በናሃርያ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1997 ይሠራ የነበረ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ፋብሪካ ተረፈ ምርት በምዕራብ ገሊላ ለግቢ ንጣፍና ለመንገድ መደልደያ ውሎ ነበር። በጊዜው እንደ ጥሩ ማጠንከሪያ የተቆጠረው ይህ ተረፈ ምርት፣ በኋላ አፈሩ ተቆፍሮ እንዲወጣ ወይም እንዲሸፈን አስገድዷል።

ምደባው ቋሚ አለመሆኑንም ልብ ማለት ይገባል። ያልተሰነጠቀና ያልተነካ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ጣራ ባለበት ቢቆይ አደጋው አነስተኛ ነው። ነገር ግን ሲበሳ፣ በመጋዝ ሲቆረጥ፣ በኃይለኛ የውኃ ግፊት ሲታጠብ፣ በእሳት ሲያያዝ ወይም በእርጅና ገጹ ሲሻክርና ሲላላ፣ የታሰረው ቃጫ ይለቀቃል። በጣራው ላይ የፀሐይ ማሞቂያ ወይም አንቴና ለመትከል መብሳትም ከዚሁ ይቆጠራል።

አንድ ቁስ አስቤስቶስ እንዳለበት በማየት ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም፤ የላቦራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል። ናሙናውን ግን ነዋሪው ራሱ ፍቆ መውሰድ የለበትም። ሕጉ ለይቶ ከሚፈቅደው አነስተኛ ሥራ በቀር፣ ማንሳቱ ፈቃድ ባለው ተቋራጭ ይከናወናል፤ ፍርስራሹም ታሽጎ ወደተፈቀደለት የማስወገጃ ስፍራ ይወሰዳል እንጂ ከተራ የግንባታ ቆሻሻ ጋር አይደባለቅም።