የቆየች መኪና ዘይቷ ምን ይሁን?

በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ቮልስ ዛሬም ትታያለች። ይሁን እንጂ የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ስለሆነ፣ አሁን ያሉት ሲያልቁ የሚተካ አዲስ የለም። ከደመወዙ ቆጥቦ እንዲህ ያለች መኪና ለያዘ መምህር ደግሞ ሞተር ማሠራት ቀላል ወጪ አይደለም። ሞተርን ያለ ጊዜው ከሚጨርሱት ምክንያቶች አንዱ የማይስማማ ወይም የቆሸሸ ዘይት ነው።

በየጋራዡ «አሮጌ ሞተር ወፍራም ዘይት ይወዳል» ሲባል እንሰማለን። አባባሉ ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ግን ጎጂ ነው። እውነቱን ከጎጂው ለመለየት በመጀመሪያ የዘይትን ሥራ እንመልከት።

የዘይት ሥራ

ዘይት በሞተር ውስጥ አራት ዋና ዋና ተግባሮች አሉት። አንደኛ፣ በሚፋተጉት ብረቶች መካከል ስስ ሽፋን ሆኖ ብረት ከብረት እንዳይነካካ ይከላከላል። ሁለተኛ፣ ሙቀትን ተሸክሞ ይወስዳል። ሦስተኛ፣ ጥላሸትንና የብረት ብናኝን ያጥባል። አራተኛ፣ በፒስተን ቀለበቶችና በሲሊንደር ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት በመዝጋት ጋዝ እንዳያመልጥ ያግዛል።

በቮልስ ላይ ሁለተኛው ተግባር ልዩ ክብደት አለው። ይኸውም ቮልስ ራዲያተርም ሆነ የማቀዝቀዣ ውሃ ስለሌላት ሞተሯን የሚያቀዘቅዙት ማራገቢያው የሚነፋው አየርና ዘይቱ ብቻ በመሆናቸው ነው። ዘይቱም 2.5 ሊትር ብቻ ነው። በዚህ ላይ በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያቀርበው አየር ያንሳል። ከዓባይ ወንዝ ተነሥታ ወደ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ የምትወጣ ቮልስ ሸክሟ በአብዛኛው በዚያች ጥቂት ዘይት ላይ ነው ማለት ይቻላል።

የቁጥሮቹ ትርጉም

ማር በብርድ ጧት ከማሰሮው አልወርድ ይላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ይፈስሳል። ዘይትም እንዲሁ ሲበርድ ይወፍራል፣ ሲሞቅ ይቀጥናል። በቆርቆሮው ላይ «ኤስ.ኤ.ኢ.» ከሚሉት ፊደሎች ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር ይህን የመፍሰስ ጠባይ ያመለክታል። አንዳንድ ሰዎች እንደሚያስቡት ቁጥሩ የሙቀት ዲግሪ አይደለም።

30፣ 40 ወይም 50 የሚለው ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምን ያህል እንደሚወፍር ይነግረናል። ሴንቲስቶክ በሚባለው መለኪያ 30 ቁጥር ከ9.3 እስከ 12.5፣ 50 ቁጥር ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9 ነው። እንደ 15ደብልዩ-40 ወይም 20ደብልዩ-50 ሁለት ቁጥር ያለው ዘይት ከሆነ፣ ፊተኛው ቁጥር በብርድ ጊዜ ያለውን፣ ኋለኛው በሙቀት ጊዜ ያለውን ጠባይ ያሳያል። «ደብልዩ» የፈረንጆቹን ክረምት፣ ማለትም የእነርሱን የበረዶ ወራት የምታመለክት ፊደል ናት።

15ደብልዩ የሚባል ዘይት ሞተር ለማስነሣት የማያስቸግር መሆኑ የሚፈተነው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ነው። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ብትበርድም ከዚህ ብርድ አትደርስም። ስለሆነም በአገራችን ይበልጥ ልንጨነቅበት የሚገባን በኋለኛው ቁጥር ነው።

ሲበዛም ሲያንስም

ዘይት ከመጠን በላይ ሲቀጥን በግፊት ኩሽኔታዎች መካከል ያለው ሽፋን ይሰነጠቃል፤ የዘይት ግፊትም ይወርዳል። ከመጠን በላይ ሲወፍር ደግሞ ጧት ሞተር ሲነሣ ሩቅ ወዳሉት ክፍሎች ለመድረስ ይዘገያል። ብረቶቹ በዚያች ጊዜ ዘይት ሳያገኙ ይፋተጋሉ። ከዚህም ሌላ ወፍራም ዘይት ራሱ በፍትጊያ ሙቀት ይፈጥራል፤ በሙቀት ለምትቸገር ሞተር ይህ በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው።

እንግዲህ የአባባሉ እውነተኛ ክፍል ይህ ነው፦ ሞተር ሲያረጅ ክፍተቶቹ ስለሚሰፉ አንድ ደረጃ ወፈር ያለ ዘይት ግፊቱን ሊጠብቅ ይችላል። ጎጂው ክፍል ደግሞ በማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ሲወጣ ዝም ብሎ እጅግ ወፍራም ዘይት መሙላት ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን የሚያመለክት ነው። ወፍራሙ ዘይት ጭሱን ለጥቂት ጊዜ ይሸፍነዋል እንጂ ያለቀውን ቀለበት አይመልስም። ያገለገለች መኪና የሚገዛ ሰውም ይህን ቢያውቅ ከመታለል ይድናል።

ምርጫው

የፋብሪካው መመሪያ ለቮልስ በሞቃት ወቅት 30 ቁጥርን፣ በጣም ለሚሞቅ አገር 40 ቁጥርን ያዛል። በዚህ መሠረት ደጋ ላይ ለምትሠራ ደህና ሞተር 30 ቁጥር ወይም 15ደብልዩ-40 ይበቃል። ድሬዳዋንና አዋሽን ለመሰለ ቆላ 40 ቁጥር፣ ላረጀች ሞተር ደግሞ 20ደብልዩ-50 መጠቀም ይቻላል።

ከቁጥሩ ጋር «ኤ.ፒ.አይ.» ከሚለው ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ፊደሎች ማንበብ ያሻል። የመጀመሪያው «ኤስ» ከሆነ ለቤንዚን፣ «ሲ» ከሆነ ለናፍጣ ሞተር ነው። «ኤስ ኤ» የሚል ዘይት በዋጋው ርካሽነት ሊያጓጓ ይችላል፤ ነገር ግን ከ1930 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተሠሩ ሞተሮች አይመከርም። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው «ኤስ ኤም» ደረጃ ደግሞ እንደ 10ደብልዩ-30 ባሉ ቀጫጭን ዘይቶች ውስጥ ብረትን ከመበላት የሚጠብቀው ፎስፎር ተቀንሷል። ይህ የተደረገው ለአዳዲስ መኪናዎች የጭስ ማጣሪያ ሲባል ነው። የቮልስን ለመሳሰሉ አሮጌ ሞተሮች ከእነዚህ ይልቅ 15ደብልዩ-40 ወይም 20ደብልዩ-50 ይሻላል።

የቱንም ያህል ጥሩ ዘይት ቢመረጥ በጊዜው ካልተለወጠ ዋጋ የለውም። ቮልስ ከወንፊት በቀር የዘይት ፊልትሮ ስለሌላት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ አቧራ በሚበዛበት መንገድም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ዘይቱ ሊለወጥና ወንፊቱ ሊታጠብ ይገባል።

ለክፍል የሚሆን ሙከራ

የፊዚክስ መምህራን ይህን ትምህርት በቀላሉ ማሳየት ይችላሉ። የሁለት እኩል ጣሳዎችን ሥር በአንድ ሚስማር ብሱ። ቀዳዳዎቹን በጣት ይዛችሁ እኩል ዘይት ጨምሩ፤ አንዱ ቀዝቃዛ፣ ሌላው በሙቅ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ የሞቀ ይሁን። ዘይትን በእሳት ላይ ማሞቅ ግን አደገኛ ነው። ተማሪዎች ዘይቱ ፈስሶ እስኪያልቅ ያለውን ጊዜ በሰከንድ ይመዝግቡ። በተለያየ ሙቀት ደጋግመው ግራፍ ቢሠሩ መስመሩ ቀጥ ያለ ሳይሆን ጎባጣ መሆኑን ያያሉ።

ሙከራው ሲያበቃ ዘይቱ በዕቃ ይጠራቀም እንጂ መሬት ላይ አይደፋ። በተለይ ከሞተር የወጣ አሮጌ ዘይት አፈርንና የጉድጓድ ውሃን ስለሚመርዝ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አጠራቅሞ ለሚረከብ ጋራዥ መስጠት የመኪናው ባለቤት ኃላፊነት ነው።