ወገብና ዳሌ የሚገናኙበት ቦታ

«ወገቤን አመመኝ» የሚልን ሰው የቱ ጋ እንደሆነ እንዲያሳይ ቢጠይቁት፣ አንዳንዱ መዳፉን ዘርግቶ ወገቡን ከዳር እስከ ዳር ያዳርሳል። ሌላው ግን ከወገቡ ወረድ ብሎ፣ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ፣ በአንድ ጎን ብቻ፣ በአንድ ጣቱ አንዲት ነጥብ ይነካል። ደግመው ቢጠይቁት ጣቱ እዚያው ይመለሳል። ይህን ምልክት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያጠናው ፎርቲን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ጣቱ የሚያርፈው ሳክሮኢሊያክ በሚባለው መገጣጠሚያ ላይ ነው። በአከርካሪያችን ታችኛው ክፍል አምስት አጥንቶች ተጣብቀው አንድ ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት ይሆናሉ። ይህ አጥንት በግራም በቀኝም ከዳሌ አጥንት ጋር ይገናኛል። የላይኛው ሰውነታችን ክብደት ወደ እግር የሚወርደው በእነዚህ ሁለት መገናኛዎች በኩል ነው። ስለዚህም በሰውነት ውስጥ ካሉት እጅግ ጠንካራ ከሚባሉት ጅማቶች አንዳንዶቹ እነሱን አስረው ይዘዋል። መገጣጠሚያው ይንቀሳቀሳል፤ ግን ጥቂት ዲግሪ፣ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ሐኪሞች ይህን ቦታ ሲያስታውሱትም ሲረሱትም ኖረዋል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለወገብ ሕመም ዋነኛ ተጠያቂ ይደረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ሚክስተርና ባር የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች የዲስክ መንሸራተት ነርቭን እንደሚጫን ሲያሳዩ ግን የሁሉም ዓይን ወደ ዲስክ ዞረ። እስካሁንም ወገቡን የታመመ ሰው መጀመሪያ የሚፈራው ዲስክን ነው። ነገር ግን ሥር ከሰደደ የወገብ ሕመም ውስጥ ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ከዚህ መገጣጠሚያ ሊመጣ እንደሚችል ይገመታል።

ሕመሙ የሚቀሰቀሰው ክብደት በአንድ እግር ላይ ሲወድቅ ነው፤ ደረጃ ሲወጡ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሲገቡ። ሌሊት ከጎን ወደ ጎን ሲገላበጡም ይቀሰቀሳል። በመቀመጫ መውደቅ ሊያስነሳው ይችላል። ከሁሉም በላይ የሚያጠቃው ነፍሰ ጡሮችንና አራሶችን ነው፤ ከአምስት ነፍሰ ጡሮች አንዷ ገደማ የዳሌ ሕመም ይይዛታል። «እርግዝና ነው፣ ያልፋል» እየተባለች ብቻዋን መሰቃየቷ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ሊረዳት የሚችል ሕክምና አለ።

ራጅና ኤምአርአይ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ የሚናገሩት ነገር የለም። የሚናገረው ምርመራው ነው። ታካሚው በጀርባው ይተኛል። ፊዚዮቴራፒስቷ ጭኑ ወደ ጣሪያ ቀጥ እስኪል ጉልበቱን ታነሳለች፤ አንድ እጇን ከሥሩ ባለ ሦስት ማዕዘኑ አጥንት ላይ ታሳርፍና በሌላው እጇ ጉልበቱን ይዛ ጭኑን ቀስ አድርጋ ወደ ታች ትጫናለች። የምትጠብቀው ማንኛውንም ሕመም አይደለም፤ «ይኸው፣ የኔ ሕመም ይሄ ነው!» እንዲላት ነው። እንዲህ ያሉ መገጣጠሚያውን የሚፈትኑ አምስት ያህል ምርመራዎች አሉ። አንዱ ብቻውን አያስተማምንም፤ ሦስትና ከዚያ በላይ የሚያውቀውን ሕመም ከቀሰቀሱ ግን ጥርጣሬው ይጠነክራል።

አሁን ስለ አንድ የተለመደ አባባል ልናገር። «ዳሌህ ወልቋል፣ አጥንትህ ተዛንፏል» የሚለውን ከወጌሻም፣ ከአንዳንድ ባለሙያም እንሰማዋለን። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የስዊድን ጥናት በታካሚዎች አጥንት ውስጥ ጥቃቅን የብረት ምልክቶች አስቀምጦ፣ መገጣጠሚያው በእጅ ከመታከሙ በፊትና በኋላ በራጅ ለካ። አጥንቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። የእጅ ሕክምና ሕመምን ለጊዜው ሊያስታግስ ይችላል፤ ይህን አልክድም። የሚያስታግሰው ግን የወለቀ አጥንት መልሶ አይደለም። ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። ዳሌዬ ይወልቃል ብሎ የሚያምን ሰው መንቀሳቀስ ይፈራል፤ ሲተኛ ጡንቻው ይደክማል፤ ጡንቻው ሲደክም ሕመሙ ይብሳል።

የፊዚዮቴራፒ ሕክምና ይህን ሰንሰለት ይበጥሳል። መጀመሪያ ሕመሙን ማብረድ ነው፤ በጎን ተኝቶ በጉልበቶች መካከል ትራስ ማድረግ፣ መኪና ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ ተቀምጦ ሁለቱንም እግር አንድ ላይ ማስገባት፣ ለነፍሰ ጡር ለጊዜው የዳሌ ቀበቶ። ዋናው ሥራ ግን የመቀመጫን፣ የሆድንና የጀርባን ጡንቻዎች ማጠንከር ነው። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ እግርን መሬት አስረግጦ መቀመጫን ማንሳት ጥሩ መነሻ ነው። ሲቀል በአንድ እግር፣ ቀጥሎ ቆሞ፣ በመጨረሻም ሸክም ይዞ ይሠራል። ጥቂት ሕመም ቢሰማ ጉዳት ደረሰ ማለት አይደለም።

ጡንቻን ማጠንከር ሳምንታት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የኖርዌይ ጥናት ከወሊድ በኋላ የዳሌ ሕመም የነበረባቸውን 81 ሴቶች ተከታትሏል። ለየሰው የተመጠነ የማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ለ20 ሳምንት የሠሩት፣ ያለዚያ ከታከሙት ይልቅ ሕመማቸው ቀለለ፤ ለውጡም ከሁለት ዓመት በኋላ አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ትምህርትንና የተደራጀ እንቅስቃሴን ሲደግፍ፣ ወገብን በመሣሪያ መጎተትን በመደበኛነት አይመክርም። ስለዚህ ሕክምና ቤት ሲሄዱ «ምን ማሽን አላችሁ?» ከማለት ይልቅ «ቤቴ የምሠራው ምንድን ነው? በየስንት ቀኑስ ይጨመርልኛል?» ብለው ይጠይቁ።

እንቅስቃሴ የማይበቃቸው ሁኔታዎችም አሉ። ወጣት ሆነው ጠዋት ጠዋት ወገብን ለረጅም ሰዓት የሚያደርቅ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚሻል ሕመም ከሦስት ወር ካለፈ የመገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ይችላል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለም ቲቢ፣ ወይም በተለይ ጥሬ ወተት ለሚጠጣና ከብት ለሚያረባ ሰው ብሩሴሎሲስ መመርመር አለበት። ሁለቱም ይህን መገጣጠሚያ ያጠቃሉ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎ፣ በጭን መካከልና በመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘዎ ወይም እግርዎ ከሰነፈ ግን ነገ አይበሉ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።